ሥራ የበላው አሻራ

በሐምሌ ወር 1858 (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቤንጋል፣ ጃንጊፑር በተባለው ቦታ፣ ራጅያዳር ኮናይ የሚባል የአገሬው ተቋራጭ እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ ዊልያም ሄርሼል ፊት ቀረበ። ጉዳዩ ተራ ነበር። ኮናይ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ጠጠር ያቀርባል፤ ሄርሼል ይከፍላል። ውሉንም የጻፈው ኮናይ ነው፣ በገዛ እጁ። ሊፈርም ሲል ግን ሄርሼል አስቆመው። ለቢሮው ማኅተም የሚጠቀምበትን ዘይት የገባበት ቀለም አምጥቶ የሰውየውን መዳፍና ጣቶች ቀባ፤ ከውሉም ጀርባ ላይ አሳተመው።

ልብ በሉ፤ ኮናይ መጻፍ የሚችል ሰው ነበር፤ ፊርማም አልቸገረውም። ሄርሼል ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያን ዕለት ያሰበውን አልሸሸገም። የፈለገው ኮናይን ማስፈራራት፣ ነገ ተነሥቶ «ፊርማው የኔ አይደለም» የሚልበትን ልብ ማሳጣት ነበር። በሰሜን ሕንድ ትልቁ አመፅ ከተቀጣጠለ ገና ዓመቱ ነው፤ ገዥው ተገዥውን አያምነውም። ያ የተቀባ እጅ በዚያው መጽሐፍ ታትሞ ስለወጣ እስከ ዛሬ ይታያል። ኮናይ በታሪክ የሚታወቀውም በዚሁ ብቻ ነው፤ በአንድ ከሰዓት አለመታመኑ።

የጣት አሻራን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመርማሪ ፖሊስ ይጀምራሉ። እኔ ከኮናይ የጀመርኩት ነገሩ ወንጀለኛን ከማደኑ በፊት ሠራተኛን መጠርጠሪያ እንደነበር መረሳት የለበትም ብዬ ነው። ዛሬ ባንክ ቤት፣ ውልና ማስረጃ፣ ኢሚግሬሽን፣ የፋይዳ መመዝገቢያ ጣቢያ ስንቀርብ ጣታችንን የምንጭነው ከዚያ ከተዘረጋው መስመር ጫፍ ላይ ቆመን ነው።

ሸንተረሮቹ ራሳቸው ከማንም መንግሥት ይቀድማሉ። ጽንስ በማኅፀን አሥር ሳምንት ገደማ ሲሞላው የጣቶቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ይኖራሉ፤ የታችኛው የቆዳ ሽፋን ከላይኛው ፈጥኖ ሲያድግ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ መስመር ይሠራል። እብጠቱ ከፍ ያለ ከሆነ መስመሩ ወደ አዙሪት ያደላል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ ቅስት። የጽንሱ አቀማመጥ፣ የሚነካው የማኅፀን ግድግዳ፣ የእድገቱ ፍጥነት ሁሉ ስለሚገባበት ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንድ ዓይነት አሻራ የላቸውም። አምስት ወር ሳይሞላ ሥራው ያልቃል። ከዚያ በኋላ እጁ ያድጋል እንጂ ሥዕሉ አይለወጥም።

ሦስት ዋና መልክ አለው። ሄዶ በመጣበት በኩል የሚመለሰው ከሁሉ ይበዛል፤ ከጣቶች ሁሉ ከ60 እስከ 65 በመቶውን ይይዛል። አዙሪቱ ሲሶ ገደማ ነው። ቅስቱ ጥቂት ነው፤ አምስት በመቶ ቢሆን። በሸንተረሩ ጀርባ ላይ የላብ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ብርጭቆ ስንጨብጥ የሚቀረው ከእነዚያ ቀዳዳዎች የወጣ ጨው፣ ውኃና በእጃችን ላይ የነበረ ቅባት ነው።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ሄንሪ ፎልድስ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሚሲዮን ሐኪም ቶኪዮ ውስጥ ይሠራ ነበር። በጥንታዊ የሸክላ ስብርባሪ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የሠሪው ጣት ተጭኖ የቀረ መስመር አየ። ሠሪው ከሞተ ዘመን አልፏል፤ ጣቱ ግን አለ። ፎልድስ በጥቅምት 1880 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ይህ መስመር ወንጀለኛን ለመለየት ይጠቅማል አለ። ሄርሼል ደግሞ «እኔ ቀድሜያለሁ» ብሎ በዚያው መጽሔት መለሰ። ሁለቱ በዚህ ቅድሚያ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ተነታረኩ። የሸክላ ሠሪውን ቅድሚያ ያነሣ የለም።

ከዚያ ፍራንሲስ ጋልተን መጣ። በ1892 ባወጣው መጽሐፍ የአሻራን ሳይንስ መሠረት አቆመ፤ የሁለት ሰዎች ጣት አንድ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል ከ64 ቢሊዮን አንድ ብሎ ገመተ። ይኸው ጋልተን ሰውን በዘር ከፍና ዝቅ አድርጎ የመመደብን ሐሳብ «ሳይንስ» ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነው። ጣት ላይም የዘር ምልክት ፈለገ። የእንግሊዛውያንን፣ የዌልሳውያንን፣ የአይሁድን፣ የጥቁሮችን አሻራ ሰብስቦ እያነጻጸረ ለፋ። የሚፈልገውን አላገኘም፤ አለማግኘቱንም በመጽሐፉ ጽፏል። ይህ ክፍል ከታሪኩ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነው። የሰው ጣት ለጋልተን ምኞት አልታዘዘም።

በዚያው ዓመት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ከአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ በስተደቡብ ባለችው ኔኮቼያ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፍራንሲስካ ሮሃስ የተባለች ሴት ሁለት ልጆች ተገድለው ተገኙ። ወንዱ ስድስት፣ ታናሽ እኅቱ አራት ዓመታቸው ነበር። እናቲቱም አንገቷ ላይ ቀላል ቁስል ነበራት። «ቬላስኬዝ ነው» አለች፤ ጎረቤቷ ነው። ቬላስኬዝን ያዙት። አሰሩት፤ አሰቃዩት። አላመነም።

በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ ፖሊስ የሚያውቀው ዘዴ ሰውን ይዞ እስኪናገር ማሠቃየት ነበር። እኛም ዘንድ ቢሆን ከዚህ የራቀ አልነበረም። አገሩ ተሰብስቦ በዳዩን እስኪያወጣ ከአደባባይ የማይበተንበት አውጫጭኝ ነበር። ሌባሻይም ነበር፤ አንድ ልጅ የሚያዞር መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በመቀነት ተይዞ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። አውጫጭኙ ቢያንስ የሰው ምስክርነት ነው፤ ሌባሻዩ ግን ስንቱን ንጹሕ ቤት እንዳፈረሰ የሚያውቀው የተፈረደበት ብቻ ነው።

ኔኮቼያ ላይ ነገሩን የለወጠው ከላ ፕላታ ከተማ የተላከው መርማሪ ኤድዋርዶ አልቫሬዝ ነው። ቤቱን ሲፈትሽ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ደም የነካው ቡናማ ነጥብ አየ፤ የአውራ ጣት ምልክት ነው። አልቫሬዝ እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ ወሰደው። ላ ፕላታ ላይ ከክሮኤሺያዋ ሐቫር ደሴት የተሰደደ ሁዋን ቩሴቲች የሚባል የፖሊስ ሠራተኛ የአሻራ አመዳደብ ሥርዓት አበጅቶ ነበር፤ አልቫሬዝም የእርሱ ተማሪ ነው። የሮሃስን ጣት ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ አሳርፈው ከእንጨቱ ጋር ቢያስተያዩት አንድ ሆነ። ሴትዮዋ ይህን ስታይ አመነች፤ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት። በአሻራ ማስረጃ ነፍሰ ገዳይ የተለየበት የመጀመሪያው ጉዳይ ነው ይባላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ቬላስኬዝን ነው። ያ እንጨት ባይቆረጥ ኖሮ ግርፋቱ አንድ ቀን ያሳምነው ነበር። አሻራ ለድሀ የቆመበት ጊዜም ነበር ማለት ነው፤ ይህ ሳይነገር ቢቀር ግፍ ይሆናል።

ትልቁ ችግር ማንሳቱ አልነበረም፤ ማግኘቱ ነበር። መቶ ሺህ ሰው አሻራ በወረቀት ይዘህ አዲስ የመጣው ሰው ከመካከላቸው መኖር አለመኖሩን በምን ታውቃለህ? ይህን የፈቱት ካልካታ ውስጥ በቤንጋል ፖሊስ የተቀጠሩ ሁለት የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ። ሐቅ ሒሳብ አዋቂ ነበር። እያንዳንዱ ጣት ወይ አዙሪት ነው፣ ወይ አይደለም፤ ሁለት ምርጫ። አሥር ጣት ሲሆን ሁለት በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 1024 ይሆናል። ጣቶቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ለመጀመሪያው ጥንድ 16፣ ለተከታዩ 8፣ ከዚያ 4፣ 2፣ 1 ዋጋ ሰጡ። አዙሪት ያለበት ጣት ዋጋውን ያገኛል፣ የሌለበት ዜሮ ነው። የጥንዶቹን አንዱን ወገን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ደምረው በሁለቱም ላይ አንድ ሲጨምሩ ክፍልፋይ ቁጥር ይወጣል። 32 በ32 የሆነ፣ 1024 ቀዳዳ ያለው ሣጥን አሠሩ። ወረቀቱ ቁጥሩ ወዳዘዘው ቀዳዳ ይገባል፤ ፈላጊውም ወደዚያው ይሄዳል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ይህ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በ1897 ካልካታ ላይ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ። በ1900 መጽሐፉ ወጣ፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም የአለቃቸው የኤድዋርድ ሄንሪ ነው። በ1901 ስኮትላንድ ያርድ ሥርዓቱን ተቀበለ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ «የሄንሪ ሥርዓት» ይለዋል። ሐቅና ቦዝ ከዓመታት በኋላ የክብር ማዕረግና ገንዘብ ተሰጣቸው። የሰውን ሁሉ ጣት ከባለቤቱ ስም ጋር ለማገናኘት የለፉት ሁለቱ ሰዎች የገዛ ሥራቸው ከስማቸው ተለየ።

ነገሩ ወደ አፍሪካ የመጣው በባለሥልጣን ሻንጣ ነው። በ1906 በደቡብ አፍሪካ የትራንስቫል መንግሥት በግዛቱ ያሉ ሕንዶች አሥር ጣታቸውን አስነስተው እንዲመዘገቡ፣ ወረቀቱንም ሁልጊዜ ይዘው እንዲንቀሳቀሱ አዋጅ አረቀቀ። መስከረም 1 ቀን 1899 ዓ.ም. እኛ ዘመን ስንለውጥ፣ ጆሃንስበርግ ላይ በኢምፓየር ቲያትር ሕንዶች ተሰብስበው ላለመታዘዝ ማሉ። ከመሪዎቹ አንዱ ወጣቱ ጠበቃ ጋንዲ ነበር። በኋላ ጋንዲ መንግሥት ግዳጁን ያነሣል በሚል ስምምነት በፈቃዱ አሻራ ለመስጠት ተስማማ፤ በዚህም ከገዛ ወገኖቹ በአንዱ ተደበደበ። ግዳጁ ሳይነሣ ሲቀር በነሐሴ 1908 በሐሚድያ መስጊድ ፊት ከሁለት ሺህ በላይ የምዝገባ ወረቀት በድስት ውስጥ ተቃጠለ። የተቃወሙት ቀለሙን አልነበረም። ነጮች የማይጠየቁትን እነርሱ መጠየቃቸውን ነው።

አማርኛ ምልክት ለሚተው ነገር ሁሉ የየራሱን ስም ሰጥቷል። እግር ዱካ ይተዋል፤ አለንጋ ሰምበር፤ ቁስል ጠባሳ። አሻራ የእጅ ነው። «አሻራውን አኖረ» የሚባለው መልካም ለሠራ ሰው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝም አረንጓዴ አሻራ ተብሏል። በሌላ በኩል ደግሞ «አሻራ ተነሣ» የሚባለው ሰው አለ፤ ለዐረብ አገር «ፕሮሰስ» ላይ ያለች ልጅ ከወንጀል ነፃ መሆኗን ለማሳየት፣ ወይም ጣቢያ የገባ ተጠርጣሪ። ክብሩም ጥርጣሬውም በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ሕጋችን ይህን ሁለት ፊት ቀድሞ ያየ ይመስለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራውን እንዲያኖር ይፈቅዳል። ግን እዚያ አያቆምም። የዐይነ ስውር ወይም መጻፍና ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር ባለአሻራውን አያስገድደውም። ሄርሼል እጅን ወረቀት ላይ የጫነው ኮናይ እንዳይክድ ነበር፤ የእኛ ሕግ ደግሞ ያልገባው ሰው በጣቱ እንዳይያዝ አጥር ሠራ። ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ለአርቃቂዎቹ አክብሮት ይሰማኛል። በመሬት፣ በብድር፣ በውርስ ጉዳይ ስንት እናት «እዚህ ጋ ጣትሽን» ተብላ ቤቷን ያጣችበት አገር ነውና።

አሁን ዘመኑ የፋይዳ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ምዝገባው አሥሩን ጣት፣ የሁለቱን ዐይን ብሌን፣ የፊትን ፎቶ ይወስዳል፤ በምትኩ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ የቆመው ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ በተጠነሰሰ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ከጃንጊፑርና ከካልካታ የተነሣው ነገር በአንድ መቶ ስድሳ ዓመት ዞሮ ከሕንድ ወደኛ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመጣው ለሁሉም እኩል ነው፣ ለሚኒስትሩም ለቀን ሠራተኛውም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ልደቱ ያልተጻፈለት፣ የቀበሌ መታወቂያ የተከለከለ ስንት ሰው ባለበት አገር ላይ።

እኩል የማይሆነው ጣቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መመዝገቢያ ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት እናት ተራ ደርሷቸው ተቀመጡ።

«እማማ፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ ጠንከር አድርገው ያስቀምጡልኝ» አላቸው መዝጋቢው።

«አስቀመጥኩ እኮ፣ ልጄ።»

መሣሪያው ቀይ አበራ። ልጁ መስታወቱን ወለወለው፤ እርጥብ ሶፍት ሰጣቸው፤ ጣታቸውን ራሱ ይዞ ጫነው። ቀይ። አውራ ጣታቸውን ለብቻ ሞከረ። ቀይ።

«ሥራዎ ምን ነበር፣ እማማ?»

«እንጀራ ነዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ምጣድ ላይ። ለሆቴልም፣ ለሰውም።»

«እሳት በልቶታል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ የዐይናቸውን ብሌን አነሣ፤ ፎቶ አነሣ፤ ጣታቸው እንዳልተነበበ በልዩ ሁኔታ መዝግቦ አሳለፋቸው። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። እናቲቱ ሲነሡ ግን «ነገ ባንክ ስሄድም እንዲህ ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረውም።

መሣሪያው የሚያነበው የሸንተረሩን ከፍታና የሸለቆውን ጥልቀት ልዩነት ነው። ሙቀት፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ ይህን ልዩነት ይፍቁታል። ልብስ አጣቢዋ፣ ኮብልስቶን ጠራቢው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ እንሰት ፋቂዋ፣ ግንበኛው ሁሉ ያው ናቸው። ዕድሜ ደግሞ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያላላዋል። ሕንድ ውስጥ የራሽን እህል በጣት እየተረጋገጠ ሲታደል አሻራቸው አልነበብ ብሎ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት በብዛት እነዚሁ ነበሩ፤ አረጋውያንና የጉልበት ሠራተኞች። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ አንዳንድ ሕሙማንም ጣታቸው ይላጣል። ከዚህ ሁሉ ለስላሳው፣ ጎልቶ የሚነበበው ጣት ወረቀትና ኮምፒውተር ሲነካ የዋለ ሰው ጣት ነው። ብዙ የሠራ እጅ አሻራው ይደበዝዛል።

የሸንተረሩ ሥር ግን ከታችኛው ሽፋን ስለሆነ እጁ ለሳምንታት ካረፈ መልሶ ይወጣል። ይህን በሕይወታቸው የሚያውቁት ስደተኞች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2003 ጀምሮ ዩሮዳክ በሚባል መዝገብ የጥገኝነት ጠያቂዎችን አሻራ ይይዛል። ጀርመን የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አሻራ የት ሰጠህ?» ነው፤ ጣሊያን ላይ ሰጥቶ ከሆነ ወደዚያው ሊመለስ ይችላል። በፈረንሳይዋ ካሌ ጣታቸውን በጋለ ብረት ያቃጠሉ ከአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ወጣቶች እንዳሉ ተዘግቧል። ፖሊስም ያውቃል፤ እስኪያገግም ይጠብቃል። በ2013 እና በ2014 ከሳዑዲ ዐረቢያ ከተባረሩት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን መካከል ተርሂል በሚባለው የተባራሪዎች ማቆያ ውስጥ አሻራ ሰጥተው የወጡ አሉ፤ ያ ጣት በሩን ዘግቶባቸዋል። ስም ይቀየራል፣ ፓስፖርት ይቀየራል፤ ጣት ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

አነበብኩት የሚለው ሰውም ይሳሳታል። በመጋቢት 2004 ማድሪድ ባቡሮች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ፈንጂ ማቀጣጠያ በነበረበት ላስቲክ ላይ አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የኦሪገኑ ጠበቃ የብራንደን ሜይፊልድ ነው አለ፤ ሦስት ባለሙያዎች አረጋገጡ፤ ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያም ተስማማ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ታሠረ። ስፔኖች ግን አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አገኙ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ሜይፊልድ ቢያንስ የሕግ እውቀትና ድምፅ ያለው ሰው ነበር።

የእንጀራ ጋጋሪዋ ጥያቄ ግን መልስ አለው። ምዝገባ ሌላ ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። ሲመዘገቡ ብሌናቸው ተነሥቷል፤ ባንኩ ወይም ጤና ጣቢያው ግን የሚይዘው የጣት መሣሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥርም አለ፤ ስልኩ የልጃቸው ከሆነ ግን ቁልፉ ከልጃቸው ዘንድ ነው። ስለዚህ አሻራ የሚጠይቅ ማንኛውም አገልግሎት ሁለተኛ መንገድ በመመሪያው መጻፍ አለበት፦ ብሌን ማንበቢያ፣ የፎቶ ማነጻጸሪያ፣ ወይም ቁጥር 1728 ከስልሳ ዓመት በፊት እንዳለው፣ ሥልጣን ያለው ሰው አይቶ ያረጋገጠው ቃል። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ «ሲስተሙ እምቢ አለ» ብሎ ሰው መመለስ አይፈቀድለትም ተብሎ ይጻፍ። ጣታችሁ ያልተነበበ እናትም ብትሆኑ፣ ገበሬም ብትሆኑ፣ ከመመዝገቢያው ሳትነሡ «በልዩ ሁኔታ መመዝገቤ ሰፍሯል ወይ? ብሌኔስ ተነሥቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መዝጋቢው ማያ ገጹን አዙሮ ሊያሳያችሁ ይችላል።